ጋምቤላ ውስጥ ነዳጅ አለ ወይ? ቢኖርስ ምን ያህሉ ይወጣል?



እዚህ መቲ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስልክ ስንነካካ በየሁለት በየሦስት ወሩ አንድ ፖስት ዞሮ ዞሮ ይመጣል። «ሰበር ዜና! ጋምቤላ ላይ ከፍተኛ የነዳጅ ክምችት ተገኘ!» ይላል። ፎቶው ላይ ጥቁር ነገር ከመሬት ሽቅብ ይፈናጠራል። የጉድጓድ ስም የለውም፣ የኩባንያ ስም የለውም፣ ቀን የለውም። ላይክና ሼሩ ግን ጉድ ነው።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ፖስት አሳየኝና «አንተ ጋዜጠኛ ነኝ ትላለህ አይደል፣ እስቲ ንገረኝ፣ እውነት ነው?» አለኝ። አጠገባችን ማር ሊሸጡ ገበያ የወጡ አንድ አባት ነበሩ። ቀበል አድርገው «እሺ ልጄ፣ እውነት ነው እንበል። ተገኘ እንበል። ግን ምን ያህሉ ይወጣል?» አሉ።

እሳቸው የጠየቁት ምናልባት ስለ ድርሻ ነው፤ ለኛ ምን ይደርሰናል ማለታቸው ነው። ነገር ግን ሳያስቡት የነዳጅ ዓለም ትልቁን ጥያቄ ነው የጠየቁት። ነዳጅ አለ ማለትና ነዳጅ ይወጣል ማለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መሃል ያለውን ልዩነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ በዓይን የማይታይ ነው፦ ከመሬት በታች ጋዝና ዘይት ሲገናኙ ሞለኪውሎቻቸው የሚያደርጉት ነገር።

ዛሬ ይህን እንፈታለን። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን ኬሚስትሪ ስለሆነ አትሽሹ። መጨረሻው ውል ነው፣ ገንዘብ ነው፣ የኛ ጉዳይ ነው።

■ መጀመሪያ የሚታወቀውን እናስቀምጥ

ጋምቤላ ላይ ነዳጅ መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም። የማሌዥያው መንግሥታዊ ኩባንያ ፔትሮናስ እ.ኤ.አ. በ2003 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተፈራርሞ ጋምቤላ ገባ። የመሬት ውስጥ ጥናት አካሄደ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2006 ጂካዎ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። ውጤቱ ደረቅ ነበር። ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ አልተገኘም። ኋላ ላይ ፔትሮናስ ከኢትዮጵያ ጠቅልሎ ወጣ።

«ደረቅ ጉድጓድ» ማለት ግን «ክልሉ ባዶ ነው» ማለት አይደለም። አንድ ጉድጓድ የሚናገረው ስለዚያች ነጥብ ነው። ጋምቤላን በነዳጅ ፈላጊዎች ዓይን አጓጊ የሚያደርጋት ጎረቤቷ ነው። ድንበር ተሻግሮ ደቡብ ሱዳን፣ ላይኛው ናይል ውስጥ፣ የሜሉት ተፋሰስ አለ። ፓሎች የሚባለው ትልቅ የነዳጅ መስክ ያለው እዚያ ነው። የጋምቤላ ሜዳ ከዚያ ስምጥ ጋር ዝምድና ሊኖረው ይችላል የሚለው ግምት ነው ኩባንያዎችን እያመላለሰ ያመጣቸው።

መቲስ? እውነቱን እንነጋገር። እኛ የደጋውን ጠርዝ ይዘን ጫካ ውስጥ ነን። ነዳጅ የሚፈለግበት ወፍራም ደለል የተከማቸው ወደ ምዕራብ፣ በባሮና በጂካዎ በኩል ባለው ሜዳ ነው። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ጓሮህ ውስጥ ነዳጅ አለ» ብሎ መሬት ሊያስይዛችሁ ቢሞክር ጆሮ አትስጡት። ጂካዎ ላይ የሚሆነው ነገር ግን እኛንም ይነካናል። ክልሉ አንድ ነው፣ በጀቱ አንድ ነው።

■ በእርግጥ የተገኘበት ቦታ

ኢትዮጵያ ውስጥ ጋዝና ዘይት መኖሩ የተረጋገጠው ሶማሌ ክልል፣ ኦጋዴን ውስጥ ነው። የካሉብ ጋዝ የተገኘው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ቴኔኮ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሂላላም በዚያው ጊዜ ገደማ ተከተለ። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች መጥተው ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። ከዚያ ስንት ኩባንያ ገባ፣ ስንቱ ወጣ።

በ2006 ዓ.ም. የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ውል ወሰደ። ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ደረጃ መውጣት መጀመሩን አበሰሩ፤ በቀን 450 በርሜል ተባለ። ያን ቀን ፌስቡክ እንዴት እንደተጥለቀለቀ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ማዕድን ሚኒስቴር የፖሊ ጂሲኤልን ውል አቋረጠ። በ2014 ዓ.ም. ኔዘርላንድ ሲዌል የተባለ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ክምችቱን አጥንቶ 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩን የሚገልጽ ሰነድ አስረከበ።

ከዚያ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ሆነ። የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። በዚያው ቀን ጎዴ ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን ድፍድፍ የሚያጣራ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ድፍድፉ የሚመጣው ከሂላላ ነው።

ልብ በሉ፦ ከግኝቱ እስከ ምርቃቱ 50 ዓመት አልፏል። እንግዲህ «ተገኘ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ ተረዱት።

■ ከመሬት ሥር ሐይቅ የለም

አብዛኞቻችን ነዳጅ ስንል የሚታየን ከመሬት ሥር የተኛ ጥቁር ሐይቅ ነው። ቱቦ ከተህ የምትመጠው። እንደዚያ አይደለም። ነዳጅ ያለው ድንጋይ ውስጥ ነው፤ በዓይን በማይታዩ የድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣብቆ። ስፖንጅ አስቡ። ግን ስፖንጁ ድንጋይ ነው፣ አይጨመቅም።

የነዳጅ አወጣጥን ለመረዳት ደግሞ ከቡና የተሻለ ምሳሌ የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

አቦል፦ ጉድጓዱ ሲከፈት ከመሬት በታች ያለው የተፈጥሮ ግፊት ራሱ ዘይቱን ሽቅብ ይገፋዋል። በዚህ ደረጃ የሚወጣው በአማካይ ድንጋዩ ውስጥ ካለው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ቶና፦ ግፊቱ ሲደክም ውሃ ወደ ውስጥ ይረጫል። ውሃው ዘይቱን እየገፋ ያመጣል። በዚህ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይደረሳል።

በረካ፦ ጋዝ፣ ሙቀት ወይም ኬሚካል ይገባል። እዚህ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚደርሱ መስኮች አሉ።

እንደ ቡናው በረካ ቀጭኑ ዙር አይደለም። ዕውቀት የሚጠይቀው ዙር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መስክ 100 ሚሊዮን በርሜል አለው እንበል። አቦል ላይ የቆመ 10 ሚሊዮን ይዞ ይሄዳል። እስከ በረካ የሄደ 40 ወይም 50 ሚሊዮን ያወጣል። መሬቱ ያው፣ ድንጋዩ ያው። የአባታችን «ምን ያህሉ ይወጣል?» መልስ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

■ ጋዝና ዘይት ሲገናኙ

የለስላሳ ጠርሙስ ክፈቱ። ሳይከፈት ጋዙ አይታይም፤ በግፊት ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ተቀምጧል። ክዳኑ ሲነሳ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙ «ቡሽሽ» ብሎ ይወጣል። ድፍድፍ ነዳጅም ከመሬት በታች እንደዚሁ ነው። ውስጡ ሚቴንና ሌሎች ጋዞች ሟሙተዋል። በጥድፊያ ብዙ ስታወጣ ግፊቱ ከልክ በታች ይወርዳል፣ ጋዙ ተለይቶ ያመልጣል። ጋዙ የሄደበት ዘይት ይወፍራል። የወፈረ ዘይት ደግሞ ከቀዳዳው አልወጣም ይላል።

አሁን ተቃራኒውን አስቡ። ጋዝ ወደ ውስጥ መልሰን ብንረጭስ?

መቲ ላይ ስለ ማር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወፍራም ማር በጠባብ አንገት ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ብትገለብጡት አይወርድም። ውሃ ስትጨምሩበት ግን ብርዝ ይሆናል፣ ይፈሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያደርገው ይህንን የመሰለ ነገር ነው። ይሟሟል፣ ዘይቱን ያሳብጠዋል፣ ያቀጥነዋል።

ሌላም አለ። ዘይትና ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ስትጨምሩ መሃላቸው ድንበር ታያላችሁ። ጋዝና ዘይትም እንዲህ ዓይነት ድንበር አላቸው። ግፊቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ድንበሩ እየሳሳ ይመጣል። አንድ ደረጃ ላይ ጭራሽ ይጠፋል፤ ጋዙና ዘይቱ አንድ ፈሳሽ ይሆናሉ። ያኔ ዘይቱ ድንጋዩን ይለቃል። ድንበሩ የሚጠፋበት ዝቅተኛው ግፊት ስንት ነው? ከዚያ በታች ከረጫችሁ የምታጡት ብዙ ነው። ከዚያ በጣም በላይ ከሄዳችሁ ደግሞ በከንቱ ነዳጅ እያቃጠላችሁ መጭመቂያ ታሽከረክራላችሁ፣ ድንጋዩንም ልትሰነጥቁ ትችላላችሁ። ቁጥሩ በጋዙ ዓይነት ይለያያል፤ ሚቴንና ናይትሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለጠ ግፊት ይፈልጋሉ። በዘይቱም ይለያያል፣ በሙቀቱም ይለያያል። ከሌላ አገር ኮፒ ተደርጎ የሚመጣ ቁጥር አይደለም።

ይህ ደግሞ የወረቀት ሐሳብ አይደለም። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ሳክሮክ የሚባል መስክ ላይ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይረጫል። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው የሸንግሊ ፕሮጀክት ከፋብሪካ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ያህል ወደ ነዳጅ መስክ እንዲያስገባ የተሠራ ነው።

■ ለኛ የሚቀርቡ ሁለት ምሳሌዎች

አንደኛው ካሉብ ነው። ካሉብ ጋዝ ብቻ አይደለም፤ ከጋዙ ጋር ኮንደንሴት የሚባል ቀላልና ውድ ፈሳሽ አለ። በእንዲህ ዓይነት የጋዝ መስኮች ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይከሰታል። ጋዙ በብዛት ወጥቶ ግፊቱ ሲወርድ ፈሳሹ እዚያው ድንጋዩ ውስጥ እንደ ጤዛ ጠብ ጠብ ይላል። አንዴ ጤዛ ከሆነ በቀዳዳው ተይዞ ይቀራል፤ ለጋዙም መንገድ ይዘጋል። መከላከያው የታወቀ ነው፦ ከወጣው ጋዝ ከፊሉን መልሶ በመርጨት ግፊቱን መጠበቅ። ግን ምን ያህሉን ልሽጥ፣ ምን ያህሉን ልመልስ የሚለው ሂሳብ ነው። ዛሬ የተሸጠ ጋዝ ነገ የማይወጣ ኮንደንሴት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጎረቤታችን ነው። የሜሉት ዘይት ሰም የበዛበት ነው። ጠዋት ብርድ ላይ ያደረ ቅቤ አስቡ፤ ካልሞቀ አይፈስም። ወደ ፖርት ሱዳን የሚሄደው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ቱቦ ዘይቱ እየሞቀና እየተገፋ ነው የሚሠራው። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ለግፊት ጣቢያዎቹ የሚያስፈልገው ናፍጣ ተቋረጠ። ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ረጋ፣ ቱቦው ተጎዳ። ገቢዋ አብዛኛው ከነዳጅ የሆነው ደቡብ ሱዳን በዚያ መስመር የሚሄደው ምርቷ ለአንድ ዓመት ያህል ተቆለፈባት። ጦርነቱ ሰበብ ነው፤ ጉዳቱን እንዲህ ያከበደው ግን የዘይቱ ጠባይ ነው።

ጋምቤላ ውስጥ ዘይት ቢገኝ የሜሉትን ሊመስል ይችላል። ያኔ ጥያቄው «ተገኘ ወይ?» ብቻ አይሆንም። «ምን ዓይነት ዘይት ነው? በምን ጋዝ ይቀጥናል? ሰሙ መቼ ይረጋል?» የሚሉት ይከተላሉ።

■ ሞለኪውልን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት

እና ይህ ሁሉ እንዴት ይታወቃል? የቆየው መንገድ ላቦራቶሪ ነው። ዘይቱን ከነግፊቱ ከጉድጓድ አውጥቶ በወፍራም ብረት ዕቃ ውስጥ ጋዝ እየጨመሩ መለካት። ውድ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል፣ አደጋም አለው። አሁን ከላቦራቶሪው ጎን ሌላ መሣሪያ ቆሟል፦ ሞለኪውላር ሲሙሌሽን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ትንሽ ሳጥን ትሠራላችሁ። ስፋቷ የጥቂት ናኖሜትር ነው፤ የፀጉራችሁ ውፍረት ከእሷ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ውስጧ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ትጨምራላችሁ፤ በአንድ በኩል ዘይት፣ በሌላ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ። እያንዳንዱ አቶም ጎረቤቱን እንዴት እንደሚስብና እንዴት እንደሚገፋ የሚናገር ሕግ ይሰጠዋል። ከዚያ የምንማረው የኒውተን ሕግ ነው፤ ኃይሉን አስላ፣ አቶሙን ትንሽ አንቀሳቅስ፣ እንደገና አስላ። አንዷ እርምጃ የሴኮንድ አንድ ሺህ ትሪሊዮንኛ ገደማ ናት። የሴኮንድን ቢሊዮንኛ ብቻ ለማየት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ማስላት አለበት።

ሳጥኗን ከመሬት በታች ወዳለው ግፊትና ሙቀት ትወስዷታላችሁ። ከዚያ ትመለከታላችሁ። ጋዙ ወደ ዘይቱ በምን ፍጥነት ሰረገ? ዘይቱ ምን ያህል አበጠ? ድንበሩ በስንት ግፊት ጠፋ? ከባዶቹ ሞለኪውሎች ተጠራቅመው ቀዳዳ ይዘጋሉ ወይ? የድንጋይ ግድግዳ ጨምሩበት፤ ዘይቱን የሙጥኝ የሚለው የኖራ ድንጋይ ነው ወይስ አሸዋ ድንጋይ? ይህ ጥያቄ ለኛ ባዕድ አይደለም። የካሉብ ጋዝ ያለበት ድንጋይ በጂኦሎጂስቶች ዘንድ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ነው የሚባለው፤ በከተማዋ በአዲግራት ስም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አኒሱር ራህማን የተባለ ፊዚሲስት 864 የአርጎን አቶሞችን በኮምፒውተር አንቀሳቀሰ፤ ዘርፉ ከዚያ ተነስቶ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2013 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የሞለኪውሎችን ባሕርይ በኮምፒውተር ለሚያሰሉ ሦስት ሰዎች ተሰጠ።

ሳናጋንን ግን፦ ሲሙሌሽን ነዳጅ አያገኝም። ነዳጅ የሚገኘው በጉድጓድ ነው። ሲሙሌሽን ላቦራቶሪንም አይተካም። እውነተኛ ድፍድፍ በሺዎች የሚቆጠር ዓይነት ሞለኪውል አለው፤ ሳጥኗ ውስጥ የሚገባው የተመረጠ ወኪል ነው። ሳጥኗ ናኖሜትር ናት፣ መስኩ ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ከሳጥኗ የተገኘው ቁጥር ከላቦራቶሪ ጋር ይመሳከራል፣ ከዚያ ወደ ትልቁ የመስክ ሞዴል ይገባል። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ የዘይቱ ናሙና፣ ግፊቱና ሙቀቱ ካልታወቀ ሳጥኗ ጨዋታ ብቻ ናት። የተሳሳተ ነገር አስገብታችሁ ትክክለኛ መልስ አታገኙም።

እና መረጃው ማን ጋ ነው? እዚህ ጋ ነው ኬሚስትሪው ፖለቲካ የሚሆነው።

■ ጠረጴዛው ላይ ማን ምን ይዞ ይቀመጣል?

በነዳጅ ውል የተለመደው «የምርት ክፍፍል» ነው። ኩባንያው ገንዘቡን ያወጣል፣ ነዳጅ ሲወጣ መጀመሪያ ወጪውን ይመልሳል፣ የተረፈውን ከመንግሥት ጋር ይካፈላል። እንግዲህ አስቡት። ኩባንያው መጥቶ «ከዚህ መስክ የሚወጣው 12 በመቶ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ድርሻዬ ከፍ ይበል» ቢል በእኛ በኩል የተቀመጠው ሰው ምን ይመልሳል? ወይም «ጋዙን መልሶ መርጨት አያዋጣም፣ እናቃጥለዋለን» ቢልስ? አያዋጣም የሚለው ሂሳብ ነው። ሂሳቡን የሠራው ደግሞ ሻጩ ራሱ ነው።

«ኩባንያው የራሱ ኢንጂነሮች አሉት፣ እኛ ለምን እንደክማለን?» የሚል ይኖራል። ምክንያቱም የኩባንያው ሂሳብ የሚመልሰው የኩባንያውን ጥያቄ ነው፦ ገንዘቤ መቼ ይመለሳል? የአገር ጥያቄ ሌላ ነው፦ መስኩ ከ20 ዓመት በኋላ ምን ላይ ይሆናል? ቡና ነጋዴ ጋ ስትሄዱ የነጋዴውን ሚዛን ብቻ ታምናላችሁ? የራሳችሁ ሚዛን ባይኖራችሁ እንኳ ጎረቤት ጋ ሄዳችሁ ደግማችሁ ታስመዝናላችሁ። ሁለተኛው ሂሳብ ሁለተኛው ሚዛን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 98 ላይ ደግሞ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራልና የክልሎች የጋራ ገቢ ነው። ማለትም «ምን ያህሉ ይወጣል» የሚለው ቁጥር ሲያንስ ወይም ሲዛባ የሚጎድለው ከአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ከክልል በጀትም ነው። ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያ፣ ክረምት ሲመጣ ከሚቆረጠው መንገድ።

መቲ ደግሞ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችም። በ2002 ዓ.ም. እዚሁ ጎደሬ ወረዳ ውስጥ 3,012 ሄክታር ለሻይ ልማት ለአንድ የህንድ ኩባንያ ሲሰጥ ብዙ የአካባቢው ሰው ጫካው ይነካል ብሎ ተቃወመ። አቤቱታው እስከ ያኔው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ደርሶ ነበር። ነዳጅና ሻይ አንድ አይደሉም። ግን ትምህርቱ አንድ ነው፦ ሂሳቡ ከተሠራና ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ አቅሙ ትንሽ ነው። ዛሬ የማጃንግ ጫካ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ነው። ነዳጅ ጂካዎ ሜዳ ላይ ቢወጣ እንኳ ጋዙ ይቃጠል ወይስ ይመለስ፣ ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ጨዋማ ውሃ የት ይሂድ የሚለው የባሮን ውሃ የሚጠጣውን ሁሉ ይመለከታል። ደቡብ ሱዳን ውስጥ በነዳጅ አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎች ስለ ውሃ መበከል ለዓመታት ሲጮኹ ኖረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ካርቦን ዳይኦክሳይድን መሬት ውስጥ መርጨት አንዳንዴ «አረንጓዴ» ተብሎ ይሸጣል። በከፊል እውነት አለው፤ ከገባው ጋዝ የተወሰነው እዚያው ይቀራል። ግን የተረጨው ተጨማሪ ዘይት ለማውጣት ነው፣ ያ ዘይት ደግሞ ይቃጠላል። ሁለቱንም ጎን ሳይደምር «አረንጓዴ ነው» የሚላችሁን ሂሳቡን አሳየኝ በሉት።

■ እና እኛ ምን እናድርግ?

እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አለ። የነዳጅ ቁፋሮ ማሽን መግዛት አንችልም። የሞለኪውል ሲሙሌሽን ፕሮግራሞች ግን በነፃ ናቸው። ግሮማክስ የሚባለው በኔዘርላንድ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ ላምፕስ የሚባለው ከአሜሪካው ሳንዲያ ቤተ ሙከራ የመጣ ነው። ሁለቱም ክፍት ናቸው፣ ማንም አውርዶ ይሠራባቸዋል።

እኔ ዲግሪ የለኝም፣ ላፕቶፑም የተዋስኩት ነው። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ግሮማክስ ጭኜ አንድ የውሃ ሳጥን ለማስኬድ ሞከርኩ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። አንደኛው ምሽት መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ እንደገና ከመጀመሪያው። በሁለተኛው ምሽት ግን ሄደ። ትንንሽ የውሃ ሞለኪውሎች ስክሪኑ ላይ ሲርመሰመሱ አየሁ። ነዳጅ ኢንጂነር አልሆንኩም፤ ግን ነገሩ አስማት እንዳልሆነ ገባኝ። ስልክ ብቻ ያላችሁም ጎግል ኮላብን ከፍታችሁ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ኮምፒውተር ትናንሽ ሙከራዎች መሥራት ትችላላችሁ። ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ገብታችሁ ፓይተን የተማራችሁ አላችሁ አይደል? «ተማርኩ፣ አሁን ምን ልሥራበት?» ለምትሉት አንዱ መልስ ይኸው።

ይህ ማለት መቲ ላይ ቁጭ ብለን የሂላላን ዘይት እናሰላለን ማለት አይደለም። ለዚያ ናሙናው፣ መረጃውና ትልልቅ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ፊዚክስና ኬሚስትሪ ክፍሎች በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሰዎች አሉ። ጥያቄው እነሱ ጋ ናሙናና መረጃ ይድረስ ነው። ውል ሲፈረም የዘይቱ ናሙና አንድ ክፋይ እዚህ ይቅር፤ የግፊትና የሙቀት መረጃው አገር ውስጥ ደግሞ ይሰላ፤ ውጤቱ ከኩባንያው ጋር ይመሳከር። ከአንድ ጉድጓድ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው። ባለሙያ ስናገኝ ደግሞ ከጋምቤላም፣ ከሶማሌም የሆኑ ልጆች ይኑሩበት። መሬቱ የእነሱ ሆኖ ሂሳቡን ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚሠራበት ምክንያት የለም።

■ ቀጣዩ «ሰበር ዜና» ሲመጣ

መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. የትኛው ጉድጓድ? ማን ቆፈረው? መቼ? ይህ ከሌለ ወሬ ነው።

2. የተነገረው ቁጥር «ያለው» ነው ወይስ «የሚወጣው»? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱ አምስት እጥፍም አሥር እጥፍም ሊሆን ይችላል።

3. ጋዙ ምን ይሆናል? ይሸጣል፣ ይቃጠላል ወይስ ተመልሶ ይረጫል? ማን አሰላው?

4. ሂሳቡን ሁለተኛ ሰው ደግሞ አይቶታል?

እነዚያ አባት ማራቸውን ሸጠው ሲነሱ ጓደኛዬ «አባ፣ ታዲያ ምን እንበል? ይወጣል ወይስ አይወጣም?» አላቸው። «እኔ ቀፎ ስቆርጥ ሁሉንም ማር አላወጣም» አሉ። «ለንቡ እተውለታለሁ። ካልተውኩለት ለከርሞ የለም። ግን ምን ያህል እንደምተው የማውቀው እኔ ነኝ፤ ገዢው አይነግረኝም።»

ከዚህ የተሻለ የነዳጅ ፖሊሲ ትንታኔ እስካሁን አላነበብኩም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ወይም ጂኦሎጂ የምትማሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ። ጂካዎና ኢታንግ ያላችሁ ደግሞ የፔትሮናስን ጊዜ የሚያስታውሱ ታላላቆቻችሁን ጠይቁና የነገሯችሁን አካፍሉን።

ሰላም ሁኑ!